ሁለት ዲስክ፣ አንድ በር፦ በሶፍትዌር ሬይድ የቆመ ሰርቨር አልነሳ ያለበት ጉዳይ

ሌሊት ኃይል ተቋርጦ ነበር። ጠዋት ሲመለስ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ ተነሱ፤ የሁሉም ፋይል የተቀመጠበት ሰርቨር ግን ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጽፎ ቀጥ አለ። የምነሳበት ዲስክ የለም ነው የሚለው። ማሽኑን የሚጠብቀው ወጣት ባልደረባዬ ደወለልኝ። «ሁለት ዲስክ እኮ ነው ያለው፣ ሬይድ ነው። ሁለቱም በአንድ ሌሊት ይሞታሉ?» አለኝ። ሬይድ ሲል አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው እንዲቀጥል ያንኑ መረጃ በሁለቱም ላይ የሚያስቀምጠውን ዘዴ ማለቱ ነው። ወዲያው ደግሞ «የመጫኛ ፍላሹ እጄ ላይ ነው፣ እንደ አዲስ ልጫነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ተው! ምንም እንዳትነካ። አጥፋውና ጠብቀኝ» አልኩት።

ይህን ጉዳይ ከነዝርዝሩ እንድጽፈው ያደረገችኝ ያቺ «ልጫነው?» የምትል ጥያቄ ናት። በዚያ ሰዓት ከነበረው መረጃ አንድም ፋይል አልጠፋም ነበር። ሊጠፋ የሚችለው ከዚያ በኋላ፣ ለመጠገን ተብሎ በሚደረግ ነገር ነው።

ማሽኑ እንዴት ነበር የተዋቀረው

ሰርቨሩ ሁለት ባለ 2 ቴራባይት ዲስኮች አሉት። በሊነክስ ስያሜያቸው ብጠራቸው አንባቢውም እኔም እንደናገራለን፤ ከርነሉ፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ ለዲስክ ፊደል የሚሰጠው ባገኘበት ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ አንዱ ሲጠፋ ሁለተኛው የአንደኛውን ስም ይወርሳል። ትናንት ኤስዲቢ የነበረው ዛሬ ኤስዲኤ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው በሴሪያል ቁጥራቸው ለየኋቸው፣ በላያቸው ወረቀት ለጠፍኩ፣ ዲስክ ሀ እና ዲስክ ለ አልኳቸው። ይህች ትንሽ ሥራ ኋላ ላይ ከትልቅ ስህተት አድናኛለች።

ሁለቱም ዲስኮች በሦስት ፓርቲሽን ተከፍለዋል። የመጀመሪያው 512 ሜጋባይት የሆነ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ነው። ሁለተኛው 1 ጊጋባይት ሲሆን ከርነሉና አብረውት የሚነሱት ፋይሎች ያሉበት የቡት ክፍል ነው። ሦስተኛው የቀረውን ቦታ ሁሉ ይዞ ሥርዓቱንና የሰዎቹን ፋይል ተሸክሟል። የሁለቱ ዲስኮች ሁለተኛ ፓርቲሽኖች ተጣምረው አንድ ሬይድ 1 አሬይ (የዲስኮች ጥምር)፣ ሦስተኛዎቹም ተጣምረው ሌላ ሬይድ 1 አሬይ ሆነዋል። ሥራውን የሚሠራው የሊነክስ የራሱ የሬይድ ክፍል፣ ኤምዲ፣ ሲሆን የሚታዘዘው ኤምዲአድም በሚባል ፕሮግራም ነው። የተጫነው ሥርዓት ዴቢያን የሚባለው የሊነክስ ዓይነት ነው፤ ማሽኑም የሚነሳው ዩኢኤፍአይ በሚባለው አዲሱ የአነሳስ ዘዴ ነው።

ልብ በሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ፓርቲሽኖች አልተጣመሩም። ሬይድ 1 የሚገለብጠው ዲስኩን ሳይሆን አባል ያደረግንለትን ፓርቲሽን ነው። «ሁለት ዲስክ አለው» የሚለው እምነት ከእውነታው የተለየው እዚህ ላይ ነው።

የመነሻውን ሰንሰለት ላስረዳ። ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ፈርምዌሩ፣ በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ፕሮግራም፣ ነው። ፈርምዌሩ ስለ ሊነክስ ሬይድ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው በፋት ፎርማት የተሠራ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ፈልጎ በውስጡ ያለውን ቡትሎደር (ከርነሉን የሚጭን ፕሮግራም) ማስነሳት ነው። ቡትሎደሩ ግራብ ነው፤ ግራብ የኤምዲን ሱፐርብሎክ (አሬዩን የሚገልጸውን፣ በየአባሉ ላይ ያለ መዝገብ) ማንበብ ስለሚችል የቡት አሬዩን ከፍቶ ከርነሉንና ኢኒትራምኤፍኤሱን (ዋናው ሥርዓት እስኪከፈት የሚያገለግለውን ትንሽ ጊዜያዊ ሥርዓት) ወደ ሜሞሪ ይጭናል። ከዚያ በኢኒትራምኤፍኤሱ ውስጥ ያለው ኤምዲአድም ዋናውን አሬይ ገጣጥሞ ሥርዓቱን ያስረክባል። የጥንቱ 0.90 የሚባለው የሱፐርብሎክ ዓይነት ቢሆን ከርነሉ ራሱ አሬዩን ሊገጣጥም ይችል ነበር፤ ዛሬ የምንጠቀምባቸው የ1 ተከታታዮች ግን ይህን ሥራ ለኢኒትራምኤፍኤስ ትተውታል። አንዱ ቀለበት ከተቆረጠ ቀጣዮቹ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆኑ ማሽኑ አይነሳም። የሚታየው ስህተትም የትኛው ቀለበት እንደተቆረጠ ይናገራል። የግራብ ማዳኛ የትእዛዝ መስመር ላይ ከቆመ ፈርምዌሩ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። በኢኒትራምኤፍኤስ ሼል (የትእዛዝ መስመር) ላይ ከቆመ ግራብም ሠርቷል። የእኛ ግን ከሁሉም በፊት፣ በፈርምዌሩ ደጃፍ ላይ ነው የቀረው።

በፈርምዌሩ ስክሪን ላይ የታየው

ወደ ሴቲንግ ስገባ የተዘረዘረው አንድ ዲስክ ብቻ ነው፤ ዲስክ ለ። ዲስክ ሀ ጭራሽ የለም። በመነሻ ዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ «ዴቢያን» የሚል አንድ መስመር ነበር። መስመሩ በፈርምዌሩ ማህደር ውስጥ የተቀመጠው ከአንድ የተወሰነ ፓርቲሽን መለያ ቁጥር ጋር ተቆራኝቶ ነው፤ ያ ፓርቲሽን ያለው በጠፋው በዲስክ ሀ ላይ ነው። ዲስክ ለ ላይ ያለውን የመጀመሪያ ፓርቲሽን በኋላ ስከፍተው ቦታው ተከልሏል፣ መጠኑም ልክ 512 ሜጋባይት ነው፣ ግን ፎርማት እንኳ አልተደረገም። ሲጫን የፓርቲሽኑ ሠንጠረዥ ለሁለቱም ዲስኮች እኩል ተሠርቷል፤ ግራብ የገባው ግን በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ቤቱን ሁለት አድርገው በሩን አንድ አደረጉት።

ይህ የዩኢኤፍአይ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በቀድሞው የባዮስ አነሳስም ያው ነው። እዚያ የግራብ የመጀመሪያ ቁራጭ የሚቀመጠው በዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር 446 ባይቶች ውስጥ፣ ቀሪው ደግሞ ከመጀመሪያው ፓርቲሽን በፊት ባለው ክፍት ቦታ ነው። ሁለቱም ከማንኛውም ፓርቲሽን ውጭ ስለሆኑ ሬይዱ አያያቸውም፣ አይገለብጣቸውምም። በባዮስ ማሽን ላይ ግራብን ለሁለቱም ዲስኮች ለየብቻ ያልጫነ ሰው፣ አንደኛው ዲስክ በሞተ ቀን ይህንኑ ጥቁር ስክሪን ያያል።

ዲስክ ለ ምን ያውቃል

የማዳኛ ፍላሽ ይዤ ነበር፤ ያገኘውን አሬይ ሁሉ በራሱ እንዳያስነሳ ተደርጎ የተዘጋጀ። ይህ አስፈላጊ ነው። አንዳንድ ከፍላሽ የሚነሱ ሥርዓቶች ያገኙትን አሬይ ወዲያው አስነስተው መጻፍ ይጀምራሉ፤ እኔ ደግሞ ማንኛውም ነገር ከመጻፉ በፊት ሱፐርብሎኮቹን እንዳሉ ማንበብ ፈልጌያለሁ።

በኤምዲአድም የኤግዛሚን ትእዛዝ የዲስክ ለን ሦስተኛ ፓርቲሽን አየሁት። ሱፐርብሎኩ ብዙ ይናገራል፤ በዚህ ሁኔታ ግን የሚጠቅሙት ሦስት መስመሮች ናቸው። አንዱ የመጨረሻ የታደሰበት ጊዜ ነው፤ ትናንት ሌሊት፣ ኃይሉ ከመቋረጡ ጥቂት ሰከንዶች በፊት ይላል። ሁለተኛው የኢቨንት ቁጥር ነው፤ አሬዩ ላይ ለውጥ በመጣ ቁጥር የሚጨምር ቆጣሪ ሲሆን 61977 ላይ ደርሷል። ሦስተኛው የአሬዩ ሁኔታ ነው። ሁለት አባል ባለው ጤነኛ አሬይ ይህ መስመር ሁለት «ኤ» ፊደል ያሳያል። እዚህ ያየሁት ነጥብና አንድ «ኤ» ነበር። ነጥቧ የዲስክ ሀ ቦታ ናት።

ነጥቧን ሳይ ነገሩ ተገለጠልኝ። ኃይል ሲቋረጥ ሁለቱም ዲስኮች አብረው ከነበሩ ሁለት «ኤ» መታየት ነበረበት። ነጥብ ካለ ግን አሬዩ ጎደሎ የሆነው ከኃይል መቋረጡ በፊት ነው፤ ዲስክ ለም ይህን አውቆ መዝግቦታል። የሌሊቱ መብራት መጥፋት ማሽኑን አላበላሸውም፤ ቀድሞ የተበላሸውን ገለጠው እንጂ።

መቼ ተበላሸ? መልሱ ያለው በሰርቨሩ ሎግ (የክስተቶች መዝገብ) ውስጥ ነው። አሬዩን ለንባብ ብቻ አስነስቼ ፋይል ሥርዓቱን ለመክፈት ስሞክር እምቢ አለኝ። ይህ ብዙ ሰው የሚደናገጥበት ቦታ ስለሆነ ልቆይበት። ማሽኑ በድንገት ስለጠፋ የፋይል ሥርዓቱ፣ የኤክስት4፣ ጆርናል (ለውጦች ቀድመው የሚጻፉበት መዝገብ) ውስጥ ያልተጠናቀቀ ነገር ቀርቷል። ፋይል ሥርዓቱ ሲከፈት፣ ለንባብ ብቻ ቢባል እንኳ፣ መጀመሪያ ጆርናሉን አጫውቶ መጨረስ ይፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ መጻፍ አለበት። ከሥሩ ያለው አሬይ መጻፍ ስለተከለከለ ይመለሳል። ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ጆርናሉን ሳይነካ እንዲከፍት የሚያዘው «ኖሎድ» የሚባለው አማራጭ ሲጨመርለት ያለምንም ቅሬታ ተከፈተ። በዚህ ጊዜ ጥገና እንዲያካሂድ ማዘዝ የሚቀናው ሰው አለ። እኔ አልመክርም፤ ቅጂ ሳይያዝ የሚደረግ ጥገና በቀረችው አንዲት ዲስክ ላይ መወራረድ ነው።

ሎጉ ከ41 ቀን በፊት የሆነውን አስቀምጦልኛል። መጀመሪያ ዲስክ ሀን ከማሽኑ የሚያገናኘው የሳታ መስመር ደጋግሞ ተቋርጦ ተመልሷል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ጨርሶ ወርዷል፤ ከዚያ ኤምዲ ዲስኩ ስለወደቀ አገልግሎቱን ማቋረጡንና ሥራው በ1 ዲስክ እንደሚቀጥል ጽፏል። ቀጠለም። ለ41 ቀን ማንም ምንም ሳያይ በአንድ ዲስክ ሠራ። ሬይድ የተፈጠረው ለዚህ ስለሆነ ሥራውን ሠርቷል፤ የሰው ድርሻ ነው የጎደለው።

ማስጠንቀቂያ አልነበረም ማለት አይቻልም። ሩት የሚባለውን የዋና አስተዳዳሪውን የፖስታ ፋይል ስከፍት ከ40 በላይ ደብዳቤዎች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው አንድ አባል መውደቁን ይናገራል፤ የቀሩት በየቀኑ አሬዩ ጎደሎ መሆኑን ያስታውሳሉ። ዴቢያን ላይ ይህ ማስታወሻ በየቀኑ እንዲላክ ተደርጎ ነው የሚመጣው። የተላኩት ግን እዚያው ማሽኑ ውስጥ ላለ፣ ማንም ለማይከፍተው ሳጥን ነው። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ሳልፋቸው አዘንኩ። ማሽኑ በየማለዳው ሲጣራ ከርሟል።

ዲስክ ሀ ሲመለስ የመጣው ፈተና

ከማንኛውም ነገር በፊት የዲስክ ለን ሙሉ ምስል፣ ማለትም ሙሉ ቅጂ፣ በ4 ቴራባይት ውጫዊ ዲስክ ላይ ወሰድኩ። ከአራት ሰዓት በላይ ፈጀ። ሰዎቹ ሥራ ፈትተው ስለነበር መጠበቁ አልተመቻቸውም፤ ገባኝም። ግን በዓለም ላይ ያለችው አንዲት ቅጂ እሷ ስለነበረች ልቤ ሌላ ነገር ለማድረግ አልፈቀደም።

ምስሉ እየተወሰደ ሳለ የዲስክ ሀን ነገር አሰብኩ። ምስሉ አልቆ ማሽኑን አጥፍቼ ዲስክ ለን ነቀልኩና የዲስክ ሀን የሳታ ኬብል በአዲስ ለወጥኩት። ከፍላሽ ሳስነሳው ዲስኩ ታየ! ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘውን የስማርት መዝገብ አነበብኩ። ተራ ቁጥር 5 ላይ ያለው የተተኩ ሴክተሮች ቁጥር 0 ነው። 197 ላይ ያለው የተጠረጠሩ ሴክተሮች ቁጥርም 0። ተራ ቁጥር 199 ላይ ያለው፣ በመስመሩ ላይ የተበላሹ ዝውውሮችን የሚቆጥረው ግን በሺዎች ደርሷል። ይህ አሰላለፍ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ኬብሉን ወይም ማገናኛውን ነው፤ የዲስኩን ገጽ አይደለም። ያ ቁጥር ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ስለዚህ ኬብል ከተለወጠ በኋላ የሚታየው መጨመር አለመጨመሩ ነው። ብዙ ፋይል አስነብቤው ቁጥሩ ባለበት ቆመ።

እዚህ ላይ ወጣቱ ባልደረባዬ ደስ ብሎት አንድ ሐሳብ አቀረበ። «በቃ ዲስክ ሀ ድኗል። ግራቡም ያለው እሱ ላይ ነው። ለን ትተን በእሱ እናስነሳው፣ ሰዎቹ ሥራ ይጀምሩ፤ ለን ማታ እንጨምረዋለን።»

ሐሳቡ ከውጭ ሲያዩት ትክክል ይመስላል። ማሽኑም ይነሳ ነበር። ከጉዳዩ ሁሉ አደገኛው ቅጽበት ግን ያ ነበር። የዲስክ ሀን ሱፐርብሎክ ከፍቼ አሳየሁት። የኢቨንት ቁጥሩ 48213፤ የታደሰበት ጊዜ ከ41 ቀን በፊት፤ የአሬዩ ሁኔታ ሁለት «ኤ»።

«ሁለቱም ጤነኛ ናቸው ይላል እኮ!» አለኝ።

አዎ፣ ይላል። የተባረረ ዲስክ መባረሩን አያውቅም። ኤምዲ አንድን አባል ሲያስወጣ መውጣቱን የሚጽፈው በቀሩት ላይ ነው፤ በወጣው ላይማ መጻፍ አልቻለም፣ መስመሩ ተቋርጧል። ስለዚህ ዲስክ ሀ የሚናገረው ከ41 ቀን በፊት የነበረውን ዓለም ነው፤ በዚያ ዓለም ውስጥ ሁለቱም ዲስኮች ደህና ናቸው። ከሁለት ዲስኮች አዲሱን መረጃ የያዘው፣ የጓደኛውን መጥፋት የመዘገበው ነው። ሁሉ ሰላም ነው የሚለውን ሳይሆን ጎድሎብኛል የሚለውን ማመን ይገባል።

ዲስክ ሀ ብቻውን ቢነሳ ምን ይሆን ነበር? የዴቢያን ኢኒትራምኤፍኤስ የጎደለውን አባል ጥቂት ጠብቆ ካጣው ያለውን ይዞ አሬዩን ያስነሳል። ሰዎቹ ገብተው ሥራ ይጀምራሉ፣ የ41 ቀን ሥራቸው ግን የለም። አንዳንዶቹ ፋይሉን ሲያጡት እንደገና ይጽፉታል። ዲስክ ሀም በበኩሉ አሁን ዲስክ ለን እንደጠፋ ይመዘግባል፤ ቆጣሪው መጨመር ይጀምራል። ማታ ሁለቱ ሲገናኙ እያንዳንዱ ሌላው ጠፍቷል ይላል፤ ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው፤ ሁለቱን ታሪክ አንድ የሚያደርግ ትእዛዝ በኤምዲአድም ውስጥ የለም። የሚቀረው ፋይል በፋይል እያነጻጸሩ መልቀም ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ። ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ ዝም አለ፤ ከዚያ የዲስክ ሀን ኬብል በራሱ እጅ ነቀለው።

ሁለቱ አብረው ተሰክተው ቢነሱ ኖሮ ኤምዲ ራሱ ቁጥሮቹን አነጻጽሮ የቆየውን ይጥለዋል፤ ይህን ያህል ጥበቃ አለው። እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለውን ቀለበት ፈራሁ። ፈርምዌሩ የሚነሳው በዲስክ ሀ ነው፣ ግራብም ኤምዲ ሳይነቃ በፊት ፋይል ያነባል። በ41 ቀን ውስጥ ከርነል ታድሷል። አሮጌ ከርነል ከአዲስ ሞጁሎች (የከርነል ተጨማሪ ክፍሎች) ጋር እንዲጋጭ ለምን ዕድል እሰጣለሁ? ስለዚህ መጀመሪያ ዲስክ ለ ብቻውን እንዲነሳ ማድረግ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ አልኩ።

ለዲስክ ለ በር መክፈት

ፍላሹን መጀመሪያ ሳስነሳው ፈርምዌሩ በድሮው የባዮስ መንገድ ነበር ያነሳው። ለማንበብ ችግር አልነበረውም፤ ቡትሎደር ለመጫን ሲሞከር ግን የኢኤፍአይ ተለዋዋጮች በዚህ ሥርዓት አይደገፉም ይላል። ከፍላሹ በዩኢኤፍአይ መንገድ ተነስቶ ካልመጡ የፈርምዌሩን ማህደር መጻፍ አይቻልም። አጥፍቼ፣ ከዝርዝሩ ዩኢኤፍአይ የሚለውን መርጬ እንደገና ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ሥራ ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። ምስሉ በእጄ ስላለ አሬዮቹን በሙሉ መብት አስነሳሁ፣ ጆርናሉ በሰላም ተጫወተ፣ የፋይል ሥርዓቱ ምርመራም ንጹሕ ወጣ። የዲስክ ለን የመጀመሪያ ፓርቲሽን በፋት32 ፎርማት አደረግሁ፤ ሥርዓቱን ከነቡት ክፍሉ ሰቅዬ በቼንጅ ሩት (ከፍላሹ ሳይወጡ ወደ ተጫነው ሥርዓት በሚያስገባው ትእዛዝ) ገባሁበት፤ ግራብን ጫንኩ። ግራብን ሁለት ጊዜ ነው የጫንኩት። አንዱ በራሱ ስም በፈርምዌሩ ዝርዝር እንዲመዘገብ ነው፤ ሌላው ማንኛውም ፈርምዌር ዝርዝሩ ቢጠፋበት በሚፈልግበት በነባሪው መንገድ፣ ቡት በሚባለው ማውጫ ውስጥ እንዲቀመጥ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ወይም ሲታደስ ዝርዝሩን የሚረሳ ፈርምዌር አለና ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው። የኤምዲአድም ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ያሉትን የአሬይ መለያዎች ከሱፐርብሎኩ ጋር አመሳክሬ፣ ልክ ስለነበሩ ኢኒትራምኤፍኤሱን አድሼ ወጣሁ።

አስነሳሁት። የግራብ ዝርዝር መጣ፣ ከርነሉ ተነሳ፣ ዋናው አሬይ ተገጣጠመ። ከዚያ ቆመ። በስክሪኑ ላይ አንድ ዲስክ እየተጠበቀ መሆኑን የሚገልጽ መስመርና የሚቆጥር ሰዓት ብቻ። 90 ሰከንድ ቆጥሮ ወደ አደጋ ጊዜ ሼል ጣለን።

ባልደረባዬ «አሁንም ሬይዱ ነው» አለ። አልነበረም። ሲነሳ የሚሰቀሉትን ክፍሎች የሚዘረዝረው ኤፍኤስታብ ውስጥ የዲስክ ሀ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን በመለያው ተጽፎ ነበር። ሥርዓቱን ደረጃ በደረጃ የሚያስነሳው ሲስተምዲ ደግሞ እዚያ የተጻፈውን ሁሉ የግድ ነው ብሎ ይወስዳል፤ ካላገኘ ይጠብቃል፣ ካጣ ይቆማል። አንድ ሰው ሬይዱንና ቡትሎደሩን በትክክል ጠግኖ በዚህች አንዲት መስመር ምክንያት ሥራው እንዳልሠራ ሊያስብ ይችላል። የዲስክ ለን መለያ ተካሁ፣ ባይገኝም እለፈው የሚለውን «ኖፌይል» አማራጭ ጨመርኩ። የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ለዕለት ሥራ አያስፈልግም፤ ባለመገኘቱ ብቻ ማሽን ማስቆም የለበትም።

እንደገና ሳስነሳው ሰርቨሩ ተነሳ። የኤምዲ ሁኔታ ፋይል ሁለት «ዩ» በሚታይበት ቦታ አንድ የሥር መስመርና አንድ «ዩ» ያሳያል፤ ከሁለት አንድ። ጎደሎ ነው፣ ግን ሙሉ መረጃ ይዟል። ሰዎቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ዲስክ ሀን መልሶ ማስገባት

ዲስክ ሀን ለሦስት ቀን ሳልነካው አቆየሁት። በዲስክ ለ ላይ የሆነ ነገር ጎድሎ ቢገኝ የ41 ቀን አሮጌ ቅጂም ቢሆን ከምንም ይሻላል። ማንም ቅሬታ ሳያመጣ ሲቀር ወደ ሥራው ገባሁ።

መጀመሪያ ሱፐርብሎኩን ከዲስክ ሀ ማጥፋት ነበረብኝ። ይህ ትእዛዝ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። ፊደል ተሳስቶ የዲስክ ለን ቢያጠፋስ? ስለዚህ ማሽኑን አጠፋሁ፣ ዲስክ ለን ከኬብሉ ነቀልኩ፣ በፍላሽ ተነስቼ የወረቀቱን ሴሪያል ቁጥር ከስክሪኑ ጋር አስተያየሁ፣ ከዚያ አጠፋሁ። ሊሳሳቱበት የማይቻል ሁኔታ መፍጠር ከጥንቃቄ ይበልጣል።

ትልልቅ አሬዮች ላይ ኤምዲአድም ሲፈጥራቸው በነባሪነት የሚያደርገው የለውጥ መዝገብ፣ ቢትማፕ የሚባለው አለ። በእሱ ቢሆን ኖሮ ዲስክ ሀን መልሶ በማስገባት የተለወጡትን ብሎኮች ብቻ ማስገልበጥ ይቻል ነበር፤ በደቂቃዎች ያልቃል። አውቄ ተውኩት። ሙሉው ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ቢጻፍ አዲሱን ኬብልም የዲስኩን ገጽም አብሮ ይፈትናል። ሁለቱን ሰክቼ በዲስክ ለ አስነሳሁ፤ የዲስክ ሀን ሁለተኛና ሦስተኛ ፓርቲሽኖች ወደየአሬያቸው ጨመርኩ። ግልበጣው አራት ሰዓት ከሩብ ያህል ወሰደ። የ199 ቁጥሩ በአንድም አልጨመረም። የዲስክ ሀን የኢኤፍአይ ፓርቲሽንም እንደ አዲስ ፎርማት አድርጌ ግራብን በላዩ ጫንኩ፤ በፈርምዌሩ ዝርዝርም ሁለቱ መነሻዎች በየራሳቸው ስም ተመዘገቡ።

የኢኤፍአይ ፓርቲሽኖቹንም በሬይድ 1 ማጣመር ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እውነትም ይቻላል። ሱፐርብሎኩ በፓርቲሽኑ መጨረሻ የሚቀመጥበት 1.0 የሚባለው ዓይነት ከተመረጠ ፈርምዌሩ ከፊት ሲያየው ተራ ፋት ይመስለዋል። 1.2 ቢሆን ሱፐርብሎኩ ከመጀመሪያው 4 ኪሎባይት ገብቶ ስለሚቀመጥና መረጃው ከዚያ በኋላ ስለሚጀምር ፈርምዌሩ አያውቀውም። እኔ ግን አልመረጥኩትም። ፈርምዌሩ ራሱ ወይም ሌላ ፕሮግራም ከኤምዲ ጀርባ አንዱን ብቻ ቢጽፍበት ሁለቱ ይለያያሉ፤ ኤምዲም አያውቅም። ሁለት የተለያዩ ፓርቲሽኖች አድርጌ፣ ግራብ በታደሰ ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው የሚገለብጥ አጭር ስክሪፕት አስገባሁ።

ማረጋገጥ

አንዱን ነቅሎ ማስነሳት፣ ከዚያ ሌላውን ነቅሎ ማስነሳት ነው ፈተናው። ግን በሁለቱ መካከል የሚረሳ ነገር አለ። ዲስክ ለ ተነቅሎ በዲስክ ሀ ብቻ ሲነሳ፣ ለደቂቃ እንኳ ቢሆን፣ ዲስክ ሀ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ዲስክ ለ ወደ ኋላ ይቀራል። ሳያመሳስሉ ወዲያው ዲስክ ሀን ነቅሎ በዲስክ ለ ማስነሳት ቀድሞ ያመለጥነውን መለያየት በገዛ እጅ መሥራት ነው። ስለዚህ በዲስክ ሀ ብቻ አስነሳሁ፣ ሰርቨሩ ሙሉ በሙሉ ተነሳ፣ አጠፋሁ፣ ዲስክ ለን መልሼ ሰካሁ፣ ወደ አሬዮቹ መለስኩት፣ በቢትማፑ እገዛ ማመሳሰሉ ወዲያው አለቀ፣ ሁለቱንም «ዩ» አየሁ፤ ከዚያ ነው ሁለተኛውን ፈተና ያደረግሁት። ሁለቱም አለፉ።

የቀረው ደብዳቤው ነበር። ሰርቨሩ ወደ ውጭ ፖስታ እንዲልክ አስተካከልኩ፤ በኤምዲአድም ማዋቀሪያ ውስጥ ሩት የሚለውን አውጥቼ ሁለት ሰው የሚያነበው አድራሻ ጻፍኩ። ኤምዲአድም ለሙከራ መልእክት የሚልክበት አማራጭ አለው፤ ሞከርኩት፣ ለሁለቱ አሬዮች ሁለት ደብዳቤ ደረሰ። ከዚያ ባልደረባዬ የቡት አሬዩን አንድ አባል በትእዛዝ ወድቋል ብሎ ምልክት አደረገበት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጠበቅን። ደብዳቤው ሲገባ አንስቶ አነበበው፣ አባሉን መልሶ አስገባ፣ ሁለቱ «ዩ» እስኪመለሱ ድረስም ከስክሪኑ ፊት አልተነሳም።